ምዕራፍ 7፦ ዳር ላይ የቀረችው ጥግ

ከድሬዳዋ ሠርግ ስንመለስ ነው። አጎቴ ዲኤክሱን ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ ነኝ፣ ሦስት አክስቶቼ ከኋላ ተጣበው ተቀምጠዋል። ዕቃ መጫኛው ውስጥ አንድ ጆንያ ሽንኩርትና ሁለት ካርቶን ብርቱካን አለ። አዋሽን አልፈን፣ መተሐራን ከኋላ ትተን፣ ወደ ወለንጪቲ የሚወስደውን ሽቅብ ስንያያዝ አጎቴ አራተኛ ማርሽ ላይ እንዳለ ቤንዚኑን ረገጠው። ያኔ ከኮፈኑ ሥር ድምፅ መጣ፤ ጠጠር የተጨመረበት የቆርቆሮ ጣሳ ሲወዘወዝ የሚሰማው ዓይነት። ኪን-ኪን-ኪን-ኪን። አጎቴ እግሩን አነሳ፤ ጠፋ። መልሶ ረገጠ፤ መጣ። ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሲመልሰው ሞተሩ ጮኸ፣ ጠጠሩ ግን ዝም አለ።

«ቤንዚኑ ውሃ አለው» አለች ታላቋ አክስቴ። «ቫልቩ ነው» አለ አጎቴ። ሁለቱም አላገኙትም፣ ግን አክስቴ ትቀርባለች። ድምፁ የተሰበረ ዕቃ ድምፅ አልነበረም፤ ሞተሩና ቤንዚኑ ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚወጣ ድምፅ ነው። መካኒኮች «ሞተሩ ያንኳኳል» ይሉታል። ማደያ ላይ የሚጻፈው የኦክቴን ቁጥር የተፈለሰፈው ለዚህ ድምፅ ሲባል ነው፤ የሞተር ነዳፊዎችም ከመቶ ዓመት በላይ የሚታገሉት ከእሱ ጋር ነው።

ቤንዚን አይፈነዳም፣ ይዳረሳል

ምዕራፍ 3 ላይ አራቱን የፒስተን ምቶች ስንቆጥር፣ ሞተሩ ድብልቁን ስቦ፣ አምቆ፣ አቃጥሎ እንደሚያስወጣ አይተናል። እዚያ ነገሩን ላቅል ብዬ ቤንዚኑ «ይፈነዳል» ብያለሁ። አሁን ላርመው። በጤነኛ ሞተር ውስጥ ፍንዳታ የለም። ካንዴላው ብልጭ ሲል አጠገቡ ያለው ድብልቅ ይያያዛል፣ እሳቱም ከዚያ ተነሥቶ በየአቅጣጫው እየሰፋ ሲሊንደሩን ያዳርሳል። በሰዓት ስንለካው ከሁለትና ከሦስት ሺህኛ ሰከንድ አይበልጥም፤ ያም ሆኖ ጉዞ ነው። መነሻ አለው፣ መድረሻም አለው።

ሠርግ ላይ ከርመን መጥተናልና ዳሱን እናስብ። እንግዳው ተቀምጧል፣ አስተናጋጆች ወጡን ይዘው ከበሩ ጀምረዋል። የደረሰው ይበላል። የበላው ይደላደላል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ቦታ ይፈልጋል፤ ያልደረሰውን ወንበር በወንበር ወደ ጥግ ይገፋዋል። ሲሊንደር ውስጥም እንደዚያ ነው፤ የተቃጠለው ጋዝ ግሎ ይሰፋል፣ ያልተቃጠለውን ፊቱ አስቀድሞ እየገፋ ያጨናንቀዋል። በመጨረሻ ከካንዴላው እጅግ የራቀችው ጥግ ውስጥ ያለው ጥቂት ድብልቅ በሁለት በኩል ይጠበሳል፤ ፒስተኑ ከታች አምቆታል፣ እሳቱ ከጎን ያምቀዋል።

ትዕግሥት ያለው እንግዳ ተራው እስኪደርስ ይቀመጣል። ትዕግሥቱ ያለቀ ግን ሰሃኑን አንሥቶ ይነሣል፤ አንዱ ሲነሣ የጥጉ ሰው ሁሉ ባንዴ ይነሣል። ሲሊንደሩ ውስጥ እሳቱ ሳይደርስባት ያቺ ጥግ በገዛ ሙቀቷ ባንዴ ቦግ ስትል የግፊት ማዕበል ይነሣና ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል። ጠጠሩ ይኼ ነው። ጆሮ የሚሰማው ብረቱ ሲንቀጠቀጥ ነው፣ በሰከንድ ስድስትና ሰባት ሺህ ጊዜ ያህል። ጉዳቱ ጩኸቱ አይደለም። ብረቱ ላይ ተኝቶ ከእሳቱ የሚከልለውን ስስ የጋዝ ንጣፍ ማዕበሉ ይገፈዋል፤ ንጣፉ ከተገፈፈ የፒስተኑ አናት ይግላል፣ ሲደጋገም ይበላል፣ አንዳንዴም ይበሳል።

እንግዲህ ኦክቴን ማለት የቤንዚኑ የትዕግሥት ልክ ነው። ጉልበት ማለት አይደለም፤ ይህን ስንት ጊዜ ለስንት ሰው እንዳስረዳሁ አላውቅም። ማስረጃው ቅርብ ነው፤ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የሚወጣው ኢታኖል ኦክቴኑ ከ100 በላይ ሲሆን በአንድ ሊትር የሚሰጠው ሙቀት ግን ከቤንዚን ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው። ትዕግሥተኛ ነው፣ ጉልበተኛ አይደለም።

ትዕግሥት በቁጥር

ትዕግሥትን መለካት የመጣለት አሜሪካዊው ኬሚስት ግራሃም ኤድጋር ነው፤ ዘመኑ 1926 እ.ኤ.አ.። ሁለት ንጹሕ ፈሳሾች መረጠ። አንደኛው ሄፕቴን ይባላል፤ ሞለኪውሉ እንደ ቀጭን ቀንበጥ ቀጥ ያለ ነው፣ ሙቀት ሲነካው ቶሎ ይሰባበራል። ይህን 0 አለው። ሁለተኛው አይሶኦክቴን ነው፤ ቅርንጫፍ የበዛበት፣ ለመበታተን የሚያስቸግር። ይህን 100 አለው። አንድ ቤንዚን የሚያንኳኳው ከ95 እጅ አይሶኦክቴንና ከ5 እጅ ሄፕቴን ድብልቅ እኩል ከሆነ ቁጥሩ 95 ነው። ውስጡ 95 በመቶ ኦክቴን አለ ማለት ግን አይደለም፤ ባሕርዩ ከዚያ ድብልቅ ጋር ይመሳሰላል ማለት ነው።

መለኪያው ራሱ ሞተር ነው፤ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ እየሠራ ሳለ እመቃው ከፍና ዝቅ የሚደረግ። ይህን ሞተር በደቂቃ 600 ዙር ብቻ እያዞሩ የሚለኩት ቁጥር አለ፤ በ900 ዙር፣ ድብልቁን ወደ 150 ዲግሪ አሙቀው የሚለኩት ሌላ ቁጥር አለ። ሁለተኛው ፈተና ስለሚከብድ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። አውሮፓ ማደያው ላይ የመጀመሪያውን ትጽፋለች፣ አሜሪካ የሁለቱን አማካይ። ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ «የኛ ቤንዚን 87 ነው» ብሎ ሲያማርር የሰማ እንዳያዝንለት፤ የእሱ 87 በአውሮፓ አቆጣጠር ወደ 91 ገደማ ነው።

አንድ ሞተር፣ ሁለት ቴስታታ

ሞተር ሲነደፍ ቤንዚኑን የሚጠይቀው ጥያቄ ያው ነው፤ ዳር ላይ የቀረችው ጥግ ምን ያህል ትታመቃለች? ምን ያህል ትግላለች? ለምን ያህል ጊዜ ትጠብቃለች? ነዳፊው የሚነካካው ነገር ሁሉ፣ ሲሊንደሮቹን ከላይ ከሚከድነው ቴስታታ ቅርጽ እስከ ጭስ ማውጫው ርዝመት፣ ዞሮ ዞሮ ከነዚህ አንዱን ይለውጣል።

የመጀመሪያው እመቃ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ኮምፕሬሽን የሚሉት። ፒስተኑ ታች ሲሆን የነበረው ቦታ ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ስንት ጊዜ ያንሳል? ወደ አንድ ዘጠነኛው ከወረደ እመቃው 9 ነው። የብስክሌት ጎማ በእጅ የነፋ ሁሉ የፓምፑ አፍ ሲግል ያውቃል፤ ሲሊንደር ውስጥ ያው ነገር በዘጠኝ እጥፍ ሲሠራ ድብልቁ ካንዴላው ሳይነካው ከ400 ዲግሪ ያልፋል።

ታዲያ ለምን ዝቅ አያደርጉትም? ምክንያቱም ጉልበትም ቁጠባም ያለው እመቃው ውስጥ ነው። በንድፈ ሐሳብ ስሌት እመቃውን ከ7 ወደ 10 ማውጣት ከዚያው ቤንዚን አሥር በመቶ የሚያህል ተጨማሪ ሥራ ይሰጣል። ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 የሠራው ሞተር እመቃው 3 እንኳን አይሞላም ነበር። ዛሬ ተራ ቪትዝ 10 ታልፋለች። በመካከል ያለው ታሪክ ጠጠሩን ሳይቀሰቅሱ ሽቅብ የመውጣት ታሪክ ነው።

ይህን ድርድር በሶቪየቷ ቮልጋ ጋዝ-24 ላይ ያህል ጥርት ብሎ ያየሁበት መኪና የለም። አገሪቱ በዋናነት ሁለት ቤንዚን ትሸጥ ነበር፤ ርካሹ ኤ-76፣ ውዱ ኤአይ-93። ለሹሙ የምትሄደው ቮልጋ እመቃዋ 8.2 ነው፤ 93ቱን ትጠጣለች፣ 95 የፈረስ ጉልበት ትሰጣለች። ለታክሲ የምትሄደው ያችው ቮልጋ፣ ያው ሞተር፣ ቴስታታዋ ብቻ ተቀይሮ እመቃዋ 6.7 ይሆናል፤ 76ቱን ትጠጣለች፣ ጉልበቷም ወደ 85 ይወርዳል። ቴስታታው ውስጥ ያለው ጎድጓዳ ትንሽ ሰፋ ማለቱ አሥር ፈረስ ወሰደ፣ በምትኩ ታክሲዋ ርካሹን ቤንዚን ጠጣች።

የዳሱ ቅርጽ

ይሁንና ሁለት ሞተሮች እመቃቸው እኩል ሆኖ አንዱ ሲያንኳኳ ሌላው ዝም ሊል ይችላል። እዚህ ላይ እንግሊዛዊውን ሃሪ ሪካርዶን ማንሣት ግድ ነው። በእሱ ወጣትነት የብዙ መኪና ቫልቮች የሚቆሙት ከሲሊንደሩ አናት ላይ ሳይሆን ከጎን ነበር፤ ስለዚህ የቃጠሎው ክፍል ጠፍጣፋና ረዥም ነው፤ አስተናጋጁ በአንድ ጫፍ፣ የተራበው በሌላኛው ጫፍ። ሪካርዶ በ1919 አካባቢ ያቀረበው ማሻሻያ ሲያዩት ቀላል ነው። ቦታውን ከቫልቮቹ በላይ ሰብስቦ፣ ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ቴስታታውን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው አስጠጋው።

ይኼ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ገደለ። ከካንዴላው የራቀው ጥግ በሁለት ቀዝቃዛ ብረቶች መካከል እንደ ቂጣ ስለሳሳ ሙቀቱን ለብረቱ እየሰጠ ቀዘቀዘ። ደግሞ ፒስተኑ ሲጠጋ ከዚያ የተጨመቀው ድብልቅ ፊሽ ብሎ ወደ ካንዴላው ስለሚወረወር ውስጡ ታወከ፤ የታወከ ድብልቅ እንደ ተራገበ ከሰል ነው፣ እሳቱ ይፈጥናል። ጥጓ ቀዝቅዛም፣ ትንሽ ጠብቃም ተራዋ ደረሰ። ቤንዚኑ ያው ነው፤ ሞተሩ ግን ከሱ የሚጠይቀው ትዕግሥት ቀነሰ።

ዛሬ አራት ቫልቭ ባለው ሲሊንደር ካንዴላው መሐል አናት ላይ የሚተከለውም ለዚሁ ነው። አስተናጋጁ ከዳሱ መሐል ከጀመረ የሩቅ ጥግ ርቀቷ በግማሽ ያንሳል። ሰፊ ሲሊንደር ከጠባቡ ይልቅ ጥሩ ቤንዚን የሚሻውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንዳንዶች በሲሊንደር ሁለት ካንዴላ ተክለዋል፤ ሆንዳ ጃዝ ላይ ይኼ ነበር። ካንዴላ የሚቀይርላት ሰው ስምንት ሲጠየቅ የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ሲሊንደር

ሙቀትን ለማየት ቮልስ ትበቃናለች። የቮልስ ሞተር ውሃ የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያው የሚነፋው አየር ነው። እስከ 1970 ገደማ በተሠሩት ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የሚቆመው አየሩ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚወርድበት መንገድ ላይ ነበር። ስለዚህ ሦስተኛው የሚደርሰው የተጋረደና የሞቀ አየር ነው። አንድ ሞተር፣ አንድ ቤንዚን፣ ግን ከአራቱ ወንድማማቾች አንዱ ሁልጊዜ ትኩሳት አለበት፤ ቀድሞ የሚያንኳኳውም እሱ ነው። ፋብሪካው ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ለዚያ ለብቻው ብልጭታው በጥቂት ዲግሪ እንዲዘገይ አደረገ። ሞተር የሚያስፈልገው ኦክቴን እጅግ በጋለው ጥጉ ይወሰናል እንጂ በአማካዩ አይደለም።

ከብረት ቴስታታ ወደ አሉሚኒየም የተኬደው በከፊል ለዚህ ነው፤ አሉሚኒየም ሙቀትን ቶሎ ያሳልፋል። አሁን ብዙ ሞተሮች ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ይረጩታል። እንስራ ውሃውን ላብ እያላበው እንደሚያቀዘቅዝ ሁሉ፣ ቤንዚኑ ሲተን ሙቀቱን ከአየሩ ይወስዳል፤ ዳሱ ውስጥ የተረጨ ውሃ በሉት።

ማዝዳ በ2011 ያወጣው ስካይአክቲቭ ሞተር ግን የሚገርመኝ በጭስ ማውጫው ነው። የተቃጠለው ጋዝ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ጥቂቱ ውስጥ ቀርቶ ቀጣዩን ድብልቅ ያሞቀዋል፤ የበሉት ሳይወጡ ሁለተኛው ዙር ሲገባ ዳሱ እንደሚታፈነው። ማዝዳ አራቱን ቧንቧዎች አርዝሞ ሁለት ሁለቱን፣ ከዚያም ሁሉንም ወደ አንድ አገናኛቸው፤ የአንዱ ሲሊንደር ጭስ ተመልሶ ሌላው ውስጥ እንዳይገባ። በዚህና በቀጥታ በሚረጨው ቤንዚን እየታገዘ ለአውሮፓው 95 ቤንዚን እመቃውን 14 አደረሰው። ለአሜሪካው 87 ሲሆን ግን 13 ላይ ቆመ። ቮልጋ ላይ ያየነው ድርድር ከአርባ ዓመት በኋላ በሌላ ቋንቋ ተደገመ።

ጊዜ፣ አየርና ጆሮ

ጥጓ የምትጠብቅበትን ጊዜ የሚወስነው በብዛት የሞተሩ ፍጥነት ነው። አጎቴ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሲመልስ ጠጠሩ የጠፋው ለዚህ ነው፤ ፒስተኑ ስለፈጠነ ጥጓ ለማኩረፍ ጊዜ አላገኘችም። አራተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ በዝግታ እየተንፏቀቀ፣ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ፣ ጉሮሮው ተከፍቶ ነበር፤ ከዚህ የከፋ የለም።

ብልጭታው የሚነሣበት ቅጽበትም አለ። ምዕራፍ 5 ላይ ካንዴላው ፒስተኑ አናት ላይ ሳይደርስ ቀድሞ እንደሚበራ አይተናል፤ እሳቱ ለመዳረስ ጊዜ ይፈልጋልና። ቀድሞ ሲበራ ጉልበት ይጨምራል፣ እስከ ልኩ። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ በየተራ ሲወቅጡ ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ጥበቡ አንዷ ስታነሣ ሌላዋ መጣሏ ላይ ነው። ብልጭታው ከመጠን በላይ ሲቀድም እሳቱ ወደ ታች መግፋት የሚጀምረው ፒስተኑ ገና እየወጣ ሳለ ነው፤ ዘነዘናና ዘነዘና ይጋጫል፣ ጥጓም በሁለቱ መካከል ትጨፈለቃለች።

አየሩን ደግሞ እኛ ደገኞች ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ሲሳሳ ጥጓም ላላ ብላ ትታመቃለች፤ ስለዚህ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ሸገር ውስጥ የሚያስፈልገው ኦክቴን ያንሳል። አሜሪካ በሮኪ ተራሮች ከተሞች 85 ቤንዚን መሸጥ የጀመረችው በዚህ ስሌት ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን አየሩን ራሱ አፍኖ ስለሚያስገባ ከፍታው ብዙ አያሳርፈውም።

ዘመናዊ ሞተር ጆሮም አለው፤ ብሎኩ ላይ የታሰረች ትንሽ ዳሳሽ ያንን ስድስትና ሰባት ሺህ ንዝረት ስትሰማ ኮምፒውተሩ ብልጭታውን ወዲያው ያዘገየዋል። ስለዚህ 95 የሚፈልግ መኪና 91 ሲቀዳለት ባለቤቱ ጠጠር አይሰማም፤ ጉልበቱ ብቻ ሲያንስ ቤንዚኑም ቶሎ ሲያልቅ ያያል። በተቃራኒው ለ91 የተነደፈች መኪና 98 ቢቀዳላት ብዙውን ጊዜ ትርፏ ደረሰኙ ነው።

ዲኤክሱ ጆሮ አልነበረውም። ወለንጪቲ መግቢያ ላይ፣ ግራር ሥር ጎማ ደርድሮ የተቀመጠ መካኒክ ኮፈኑን አስከፍቶ ሞተሩን ሁለት ሦስት ጊዜ አስጮኸና፣ «ታይሚንጉን ማን ነካው፣ ጋሼ?» አለ።

«አዲስ አበባ አስተካክለውልኝ ነው። ጉልበት እንዲኖራት ብዬ።»

«ለአዲስ አበባማ ትክክል ነው። እዚህ አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱም አለ።» ዲስትሪቢዩተሩን ያሰረውን ብሎን አላላና በእጁ ጥፍር በማታህል መጠን አዞረው፤ አሰረው። ከዚያ በካቻቢቴው ጫፍ ብረቱ ላይ ሁለት ጭረት ጫረ። «ይቺኛዋ ለቆላ ናት፤ ያቺ ለደጋ። ሲደርሱ መልሰው ያዙሩት።»

ገንዘብ ሲሰጠው ብርቱካን ይሻለኛል አለ። አክስቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አንገቷን አወጣች።

«ውሃው ወጣ?»

መካኒኩ አጎቴን አየ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ወጥቷል፣ እናቴ።»